ሚስተር ማኑ ቤት የጾምናቸው ዓርቦች

ለዘጠኝ ሰዓት ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲቀረው ዲጄው ሙዚቃውን ቀነሰና በእንግሊዝኛ ቁልቁል መቁጠር ጀመረ። አስር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት... አዳራሹን የሞላው ሐበሻ ባዶ ሳህኑን ደረቱ ላይ አቅፎ እንደቆመ አብሮ ይቆጥራል። ዜሮ ሲባል ከጣሪያው ባለቀለም የወረቀት ብናኝ ተረጨ፣ ፉጨትና ጭብጨባው ቀለጠ፣ ሕዝቡም ወደ ቡፌው ተንጋጋ። ቀኑ የዐቢይ ጾም ዓርብ ነው። እህል የሚቀመስበት ሰዓት እንደ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ተቆጥሮ ሲገባ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ ሁለተኛ እንዳላይም እመኛለሁ።

ያመጣችኝ ልጄ ሕይወት ናት። «አባዬ፣ የድሮ ምግብ ቤታችሁ እኮ ነው። የሚስተር ማኑ ልጅ አድሶት ስፔሻል ፕሮግራም አዘጋጅቷል። ትንሽ ውጣ፣ ሰው እይ» ብላ ሁለት ሳምንት ጨቀጨቀችኝ። በሩ ላይ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ሰሌዳ ቆሟል። የህንዶች የቀለም በዓልና የሐበሾች ጾም በአንድ ቲኬት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ መቶ ሃያ ሺህ ሽልንግ፣ ለልጆች በግማሽ ዋጋ ይላል። ከጽሑፉ ሥር ነጠላ የለበሰች ልጅ ፎቶ አለ፤ ጉንጯን ሮዝና ቢጫ ዱቄት ተቀብታ ትስቃለች። ገና ስገባ አንዱ አስተናጋጅ ሳይጠይቀኝ ግንባሬ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ለጠፈብኝ። በመሐረቤ ስጠርገው ሕይወት «አባዬ ደሞ! ፈን ነው እኮ» አለችኝ። ፈኑ ይቅርብኝ። የባሰው ግን ከቆጠራው በኋላ የመጣው ነው። ሰው ሳህኑ ላይ ሩዝ፣ በሩዙ ላይ ምስር፣ በምስሩ ላይ ድንች፣ በድንቹ ላይ ጣፋጭ ከምሮ ይመለሳል፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳዋል፤ ሁለቴ ጎርሶ ይተወውና ሌላ ሳህን ሊሞላ ይሄዳል። አጠገቤ የተቀመጠው ቦርጫም ጎልማሳ «እየጾምኩ ነው» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሷል። ፊቱ ሦስት የተጀመሩ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ አንዱ ላይ የልጆቹ ዱቄት ተበትኖ ምስሩ ሰማያዊ ሆኗል። መሐል አዳራሹ ላይ ደግሞ ቸኮሌት እንደ ምንጭ የሚያፈልቅ ማሽን ተገትሯል። «የጾም» የሚል ካርድ ተለጥፎበታል። ሕፃናቱ ጣታቸውን ነክረው ይልሳሉ፣ የላሱትን ጣት መልሰው ይነክራሉ፣ እናቶቻቸው ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ተነስቼ ልሄድ ብዬ ለልጄ አዝኜ ተቀመጥኩ።

በዚህ መሐል የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና ሽታው መጣ። አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ በወዲያኛው በኩል ህንዶቹ በዓላቸውን ያከብራሉ። የእኛው በዘይት ነው ተብሏል፤ ለእነሱ ግን ከሙኑ በጋለ ቅቤ ላይ እየተንጫጫ ነው የሚሠራው። ሌላው ሰው ያን ሽታ ሲያሸት ምራቁን ይውጣል። እኔን ከሃያ ዓመት በላይ ያቅለሸልሸኛል። ሐኪም ዘንድ ሄጄበታለሁ፤ ጨጓራ ነው ብሎ ክኒን ሰጠኝ። ጨጓራ አለመሆኑን እኔ አውቃለሁ።

ያኔ ካምፓላ እንዲህ አልነበረችም። ካባላጋላ ሰፈር ዛሬ በየበሩ ሽሮ ቤት ነው፤ ያኔ ጤፍ ከአገር ቤት በሚመጣ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ፣ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ እንደ መድኃኒት ነበር የሚገባው። እኔ ኪኩቦ ገበያ ውስጥ ብርድ ልብስና የብረት ሳህን በጅምላ እሸጥ ነበር። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው መተላለፊያ ከኮንጎ፣ ከሩዋንዳ፣ ከሱዳን የመጣ ነጋዴ ሁሉ ይጋፋበታል፤ ተሸካሚው ከኋላህ ይጮህብሃል፤ ቶሎ ካልጠጋህ ካርቶኑ ማጅራትህን ይልሃል። ሮሌክስ የሚሉት በቻፓቲ ቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል በአምስት መቶ ሽልንግ ይበላ ነበር፤ ቻፓቲውም ዛሬ እንደማየው እንደ መሐረብ የሳሳ አልነበረም፣ እንቁላሉም ሁለት ነበር። ከኪኩቦ ቡጎሎቢ ድረስ ባለሞተሩ ቦዳ በሰባት መቶ ይወስድሃል። ስምንት መቶ ካለህ «ሴቦ፣ ጌታው፣ እኔ እኮ ጎረቤትህ ነኝ» ብለህ ጀርባህን ማዞር ነው፤ ራሱ ይጠራሃል። የዛሬዎቹ ስልክ እያዩ ዋጋ ይነግሩሃል፤ ስልክ ደግሞ አይለመንም። አለባበሴን ብታዩ ትስቁ ነበር። ከኦዊኖ ሰልባጅ ተራ የገዛሁት ቡናማ ኮት ነበረኝ፤ ትከሻው የተወጠረ፣ ቁልፉ በሁለት ረድፍ፤ ሱሪዬ ጫማዬን ይሸፍነዋል። በየታክሲው የኮንጎ ጊታር ይንቆረቆራል፤ ሾፌሩ ድምፁን ከፍ ሲያደርገው ወንበሩ ራሱ ይርገበገባል። ያን ጊታር ዛሬም ስሰማ እግሬ ሳላዘው ይመታል።

ችግራችን ጾም ሲመጣ ነው። ብቻውን የሚኖረው ወንደላጤ የሚበላው ነገር ይጠፋበታል። ሁልጊዜ ማቶኬ፣ የተቀቀለ ሙዝ፣ በባቄላ፤ ሁልጊዜ ፖሾ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ በባቄላ። እሑድ እሑድ ለጸሎት በተከራየናት አዳራሽ ስንገናኝ ጠቡ በዓሳ ነበር። ግርማ የሚባል የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነበር፤ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ሰው ማሳቅ የሚችል። «ዓሳ ደም የለውም፤ አባቶችም ፈቅደዋል» ብሎ ዓርብ በመጣ ቁጥር ደርዘን ሰው አስከትሎ ወደ ጋባ ይወርዳል። ከሐይቁ ዳር ትልልቅ ዓሳ በዘይት ጠብሰው፣ ሎሚ ጨምቀው ይበላሉ። ሌሎቻችን «ይሄማ ጾም አይደለም» ብለን እናኮርፋለን። ማኅበሩ ለሁለት ሊሰነጠቅ ደርሶ ነበር። እኔ ግርማን አልወደውም ነበር። ምክንያቱን ዛሬ ስፈልገው አላገኘውም፤ ሲስቅ ሰው ሁሉ አብሮት ስለሚስቅ ይመስለኛል።

ሚስተር ማኑን ያወቅኩት በሳህን ነው። ባለክፍልፋይ የብረት ሳህን፣ ህንዶች የሚበሉበትን፣ ከእኔ በደርዘን ይገዛ ነበር። ከሲታ ሰው ነው፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ የሸሚዙ ኪስ ላይ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ። ሬስቶራንቱ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ፣ ፎቅ ላይ ነበር፤ ደረጃው ጠባብ፣ ግድግዳው ፈዛዛ አረንጓዴ። አንድ ቀን ሳህን ሳደርስለት «እኛ ቤት ሥጋ አይገባም፣ እንቁላል አይገባም፣ ሥጋ የነካ ቢላዋ እንኳ አይገባም» አለኝ። ልቤ ዘለለ። ሥጋ የማይበላ ሰው ቅቤ ይበላል ብሎ የሚያስብ ሐበሻ ካለ እስቲ አምጡልኝ! በእኛ ሥጋውም፣ ቅቤውም፣ ወተቱም በአንድ በር ወጥተው በአንድ በር ነው የሚመለሱት። እኔም ጾመኛ ቤት አገኘሁ ብዬ ወዲያው ተዋዋልኩት፦ ዓርብ ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቤቱን ለእኛ ብቻ ይዘጋልናል። እሱ ነገሩን ከእኔ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘው። «የተቀደሰ ወራችሁ ነው፤ ተራ ምሳ አይሆንም፤ የበዓል ማዕድ አደርግላችኋለሁ» አለ። እንዳለውም አደረገው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ በየሳህኑ አጠገብ ቢጫ አበባ። አስተናጋጆቹ ባልዲ የመሰለ ዕቃ ይዘው እየዞሩ ያወጡልሃል፤ እጅህን ሳህንህ ላይ ካልከደንክ አያቆሙም። እሱ ራሱ በመጨረሻ ጣፋጩን ይዞ ይዞራል። ዋጋው በሰው ሦስት ሺህ ሽልንግ፤ ሻዩ በነፃ።

በመጀመሪያው ዓርብ አርባ የሚሆን ሰው መጣ፤ በሁለተኛው ሰባ። ምስሩ አፍ ላይ ይቀልጣል፤ ሽንብራው፣ ጎመኑ፣ ድንቹ ሁሉ እንዲያ ነው። አንዱ «እነዚህ ሰዎች ምስሩን ምን ቢያደርጉት ነው?» ይላል። «ቅመሙ ነው» እላለሁ። በጎመኑ ውስጥ ነጭ ነጭ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ለስላሳ ነገር አለ። «ይሄስ?» ሲሉኝ «ከአኩሪ አተር ነው» እላለሁ። ማን እንደነገረኝ ዛሬም አላውቅም። እኛ ቅቤን በኮረሪማውና በኮሰረቱ እንጂ በሌላ አናውቀውም፤ ያለ ኮረሪማ የመጣብንን ዘይት ነው ብለን ዋጥነው። ጋባ ወረት አልፎባት ግርማ ብቻውን ቀረ፤ በሁለተኛው ዓርብ እሱም አፍሮ እኛው ዘንድ መጣና ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሰዉ «ጋሽ ደምሴ ባይኖር ምን እንሆን ነበር» ሲል እየሰማሁ ያን የተወጠረ ኮቴን ይዤ በጠረጴዛው ዙሪያ እንደ ሙሽራ አባት እንጎራደዳለሁ። ያን አረማመዴን ሳስበው እስከ አሁን ፊቴ ይግላል።

እትዬ ሙሉነሽም በሁለተኛው ዓርብ ነው የመጡት። ቡጎሎቢ ፍላቶቹ ውስጥ በስፌት መኪና የቢሮ ሴቶችን ልብስ እያጠበቡና እያሰፉ የሚኖሩ፣ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጡኝ፣ የጎጃም ሴት ናቸው። ባል የላቸውም፤ ያላቸው ዳዊት የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነው። ዳዊት ከጓደኞቹ ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከወጣ አምስት ወር አልፎታል፤ ድምፁ የለም። እሳቸው ተሳሉ፦ «ጾሜን ሳላጎድል ስጨርስ ድምፁን አሰማኝ» ብለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። የእህታቸው ልጅ ናት ለምና ያመጣቻቸው፤ «ቤት ከሆኑ ቆሎ ቆርጥመው ነው የሚያድሩት፤ ሊሞቱብኝ ነው» ብላ። ከአፋቸው የማይወጣው የዳዊት ስም ነበር። ስልክ የያዘ ሰው ባዩ ቁጥር ዓይናቸው ስልኩ ላይ ይቀራል።

ሦስተኛው ዓርብ ላይ ጎበዝነቴ አላስቀምጥ አለኝና ምግብ አብሳዩን ላመሰግን ወጥ ቤት ገባሁ። አብሳዩ በትልቅ ጭልፋ ከቆርቆሮ ጣሳ ወርቅ የመሰለ ነገር እየዛቀ በምስሩ ላይ ያንቆረቁራል። ሚስተር ማኑ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«አየህ?» አለኝ። «ዘይት ለዘወትር እንግዳ ነው። ለእናንተ ግን ዘይት እንዳታስነካ ብዬዋለሁ። እናቴ በእጇ ያነጠረችው ንጹሕ ቅቤ ነው። የአምላክ ቀን አይደል?»

«ነጩስ?» አልኩት። «የአኩሪ አተሩ?»

«የምን አኩሪ አተር? ወተት ነዋ! ጣፋጩም ወተት ነው።» ጣቱን እያጠፈ ወተት ያለበትን ሁሉ በኩራት ቆጠረልኝ።

ልብ በሉ፤ ሰውዬው በሌላ ቀን ብንመጣ ዘይት ያበላን ነበር። ቅቤውን ያመጣብን እኛን ሊያከብር ብሎ ነው። «ዘይት ብታደርጉልን አይሻልም?» ብዬ ሞከርኩ። ፊቱ ወደቀ። «ሚስተር ደምሴ፣ በበዓል ቀን? እንግዳዬን በዘይት? እናቴ ምን ትለኛለች?» አለኝ። እኛ ዘንድ ቅቤ በጾም እንደማይበላ በሁለት ቃል መንገር እችል ነበር። ብነግረው ግን አውቀዋለሁ፤ እንባ እየተናነቀው ወጥቶ በሰባው ሰው ፊት እጁን አጣምሮ ይቅርታ ይጠይቃል። ያኔ ግርማ ይሰማል። ግርማ ከሰማ ደግሞ ካምፓላ ሁሉ ይስቃል፤ ዓሳን ነቅፎ ማኅበሩን ቅቤ ያበላ ደምሴ እባላለሁ። ዛሬ ነገሩን ሳስበው የሰባ ሰው ጾም በአንድ በኩል፣ የግርማ ሳቅ በሌላ በኩል ተመዝኖ ሳቁ ከበደብኝ። ኮቴን አስተካክዬ ወጣሁ።

ስወጣ እትዬ ሙሉነሽ አንድ ጉርሻ በእጃቸው ይዘው፣ ሳያስገቡት፣ ያሸታሉ። ጠሩኝ።

«ደምሴ፣ ልጄ፣ ቅር አይበልህና... ይሄ ነገር ቅቤ ቅቤ አይልም?»

ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሁሉ ቀና አለ። ግርማም ከጥጉ ቀና አለ።

«ኸረ እትዬ! ምን በወጣው» አልኩ። «የኦቾሎኒ ዘይት ነው።»

«እርግጠኛ ነህ? ስለት አለብኝ፤ ታውቀው የለ።»

«ማርያምን ዘይት ነው!» አልኳቸው።

«እሷን ከጠራህማ» ብለው ጎረሱት። በዓይኔ እያየሁ አኝከው ዋጡት። ከዚያ የተቀረውንም በሉ፤ የተራቡ ሰው ናቸው፤ አጣጥመው በሉ። አስተናጋጁ ሲመጣም እጃቸውን ሳህናቸው ላይ አልከደኑም። እኔም ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ፣ እንዳይነቃብኝ፣ እያወቅኩ በላሁ። ያ ቅቤ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ሻይ ብጠጣበት፣ ውኃ ብጠጣበት አልለቅ አለኝ። ያቅለሽለሸኝ የጀመረው ያን ቀን ነው። እስከ ሆሳዕና አራት ዓርብ ቀርቶ ነበር፤ በአራቱም እትዬን አመጣኋቸው፣ በአራቱም ፈገግ ብዬ ዞርኩ። ስለ ራሴ ይሄን ስጽፍ ብዕሩን የያዘው እጄ ያስጠላኛል።

የዳዊት ወሬ የመጣው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ጭነት መኪና፣ የተቆለፈ ኮንቴይነር፣ በረሃ። ከአሥራ ስድስት ልጆች የተረፉት ሁለት ናቸው፤ ዳዊት ከሁለቱ አልነበረም። ቡጎሎቢ በፍላቶቹ መሐል ድንኳን ተተከለ። ወሬውን እንደሰማሁ ልሄድ ጫማዬን አሰርኩ። ከድንኳኑ የተመለሰ አንድ ወዳጄ ግን በር ላይ አገኘኝና «ሴትየዋ አንጀት ይበላሉ። ‹ጾሜ ላይ ምን አጉድዬ ይሆን? ምን አጉድዬ ይሆን?› እያሉ ነው የሚያለቅሱት» አለኝ። ጫማዬን ፈታሁ። በማግሥቱ ለዕቃ ነው ብዬ ማሳካ ሄድኩ። ማሳካ ውስጥ የምገዛውም የምሸጠውም አልነበረኝም። ሦስት ቀን አንዲት አልቤርጎ ውስጥ ጣሪያ ሳይ፣ ማቶኬ እየበላሁ ተቀመጥኩ። ስመለስ ድንኳኑ ተነስቷል። ከዚያ በኋላ እሳቸው ያሉበትን መንገድ መሸሽ ሥራዬ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን በግራ ከገቡ በቀኝ እገባለሁ። ዓመት ሳይሞላ ከእህታቸው ልጅ ጋር ወደ ጂንጃ መሄዳቸውን ስሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለለኝ። ሚስተር ማኑም በሚቀጥለው ጾም «ዓርብ ዓርቡን መቼ እንጀምር?» ብሎ ሱቄ ድረስ መጣ። ሰው ተበታትኗል ብዬ መለስኩት። ነፍሱን ይማረው፤ ምን እንደበደልኩት ሳያውቅ ሞተ።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ያንን ግርግር ሳይ ሕይወት ክንዴን ነካችኝ። «አባዬ፣ እዚያ የተቀመጡት አሮጊት ከመጣን ጀምሮ እያዩህ ነው። ታውቃቸዋለህ?»

አወቅኋቸው። ከድምፅ ማጉያው ርቀው በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው ጥጥ ሆኗል፣ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ ፊታቸው ላይ ያለው ሳህን ባዶ ነው። የእህታቸው ልጅ፣ አሁን እሷም ትልቅ ሴት ሆናለች፣ ቡፌው ሰልፍ ላይ ቆማለች። የመጀመሪያ ሐሳቤ መውጫው በየት በኩል ነው የሚል ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ በሩን በዓይኔ ፈለግሁ። ልጄ ግን ታየኝ ነበር። ተነስቼ ሄድኩ።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደምሴ ነኝ።»

«አውቄሃለሁ። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ዲጄው ሰውን እጅህን አንሳ ይላል። ደህና ነዎት፣ ደህና ነኝ ተባባልን። ጂንጃ እንዴት ነው፣ ደህና ነው ተባባልን። ያ ሽታ በወጥ ቤቱ በር በኩል እንደገና መጣብኝና ሆዴ ተገለበጠ፤ ሌላ ነገር ከአፌ ከማውጣት ይሄን ላውጣው ብዬ ጀመርኩ። ያ የሚስተር ማኑ ምግብ፣ ያ ዓርብ፣ ዘይት ነው ብዬ የማልኩልዎት፣ ቅቤ ነበር። እያወቅኩ ነው የማልኩት። ግርማ እንዳይስቅብኝ ብዬ ነው። ሁሉንም አወጣሁት፤ አንዱንም አላሳመርኩትም።

ጨርሼ ቀና ስል ፊታቸው አልተለወጠም።

«ቅቤ ነበር?» አሉ።

«ቅቤ ነበር።»

«እንግዲህ ሳላውቅ የበላሁት በእኔ አይቆጠርም። የንስሐ አባቴም የሚሉኝ ይሄንኑ ነው። ያንተን አንተ ታውቃለህ።»

«እኔማ ዳዊት...» አልኩ። «ጾምዎን ስላጎደልኩብዎት... እስከ ዛሬ በእኔ ምክንያት ይመስለኛል።»

አሁን ገና ፊታቸው ተለወጠ። የበሰበሰ ነገር እንዳሸተተ ሰው አፍንጫቸው ተነፋ።

«አንተ ማን ሆነህ?» አሉኝ። «ልጄን የገደለው ያ በሩን ከውጭ የቆለፈው ሰው ነው። አየር አጥቶ ነው ልጄ የሞተ። እኔም መጀመሪያ ላይ እንዳንተ ስቃዥ ከረምኩ፤ አንድ ዓርብ ረስቼ ውኃ ተጎንጭቼ ነበርና እሷ ናት አልኩ። በኋላ ተውኩት። እግዚአብሔር ያንተን ጭልፋ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የነበረ መሰለህ?»

ከኋላችን ሳቅ ፈነዳ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ዱቄት በትኖ ነው። እትዬ ሙሉነሽ የነጠላቸውን ጫፍ ሰብስበው ጭናቸው ላይ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ።

«ቅቤውን ተወው። ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሰው በገባ ቁጥር ቀና እል ነበር። በቅጡ የማያውቀኝ ሰው ሁሉ መጣ። ግርማ ድንኳኑን በራሱ እጅ ተከለ። ያ ህንድ እንኳ፣ ማኑ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። ‹እግዜር ያጥናዎት› የሚለውን ከሰው ተምሮ፣ እየተንተባተበ አለኝ። ከወንዶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ ዋለ። በየዓርቡ እጄን ይዘህ ያን ደረጃ የምታወጣኝ ግን አንተ ነበርክ። ዳዊትንም አንተ ታውቀው ነበር፤ ሱቅህ ውስጥ ብርድ ልብስ ያጣጥፍልህ ነበር። አሁን ይደርሳል፣ መንገድ ዘግቶት ነው እያልኩ ስጠብቅህ ነበር።»

ማሳካ ሄጄ ነበር የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። እንደተዘጋጀ ነበር፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ኖሯል።

«አልመጣሁም፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አልመጣህም» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።